ከቆሻሻ ክምር ሥር የሚወርደው ፍሳሽና የምንጠጣው ውኃ



ስለ ቆሻሻ ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው ለዓይንና ለአፍንጫ የቀረበውን ነው፤ ሽታውን፣ ዝንቡን፣ ጭሱን፣ ነፋስ ወስዶ በየግራሩ እሾህ ላይ የሚያንጠለጥለውን ፌስታል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ግን ማንም በቀላሉ የማያየውን ነገር ነው። ይኸውም ዝናብ በቆሻሻ ክምር ላይ ወርዶ፣ በውስጡ ሰርጎ፣ ያገኘውን ሁሉ አሟሙቶ ከክምሩ ሥር የሚወጣው ጥቁር ፍሳሽ ነው። ባለሙያዎች ሊቼት ይሉታል፤ እኛ እዚህ የክምር ፍሳሽ እያልን እንጠራዋለን።

ጠላ የምትጠምቅ እናት ሁሉ የነገሩን ምሥጢር ታውቀዋለች። ጌሾ በውኃ ሲዘፈዘፍ ቅጠሉ በኋላ ተጠልሎ ይጣላል፤ ምሬቱ ግን በውኃው ውስጥ ይቀራል። ውኃው ቅጠሉን አይመስልም፤ ሲቀመስ ግን ቅጠሉ በውስጡ አለ። የቆሻሻ ክምርም እንዲሁ በየዓመቱ በዝናብ የሚዘፈዘፍ ታላቅ ጋን ነው። ልዩነቱ የሚዘፈዘፈው አንድ ዓይነት ቅጠል አለመሆኑ ነው። በውስጡ የምግብ ትራፊ፣ አተላ፣ የጫት ገረባ፣ የከብት አንጀትና ደም፣ የሕፃናት ቆሻሻ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ የተሰበረ አምፖል፣ የፀረ ተባይ ጠርሙስ በአንድነት ተከምረዋል።

በክምሩ ውስጥ የሚሆነው ነገር በቅደም ተከተል ይሄዳል። በመጀመሪያ የሚበሰብሰው የምግብና የቅጠል ቆሻሻ አየር ሲያጣ ይኮመጥጣል፤ አሲድም ያወጣል። ይህ ኮምጣጣ ፈሳሽ ብረት ነክ ነገሮችን እየበላ እርሳስን፣ ካድሚየምን፣ ኒኬልን የመሳሰሉትን ከያሉበት ያሟሟቸዋል። በዚህ ዕድሜው የክምር ፍሳሽ ከከተማ መጸዳጃ ፍሳሽ በአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ የከፋ ሊሆን ይችላል። ዓመታት ሲያልፉ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል፤ ክምሩም ሚቴን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣ ጀመር ማለት ነው። ያን ጊዜ ሽታውም ረገብ ስለሚል ሰው «አለቀለት» ብሎ ይዘናጋል። አሞኒያው ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት መውጣቱን አያቆምም። በአሜሪካ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ከተዘጋ በኋላ ለ30 ዓመት ያህል እንዲጠበቅና ፍሳሹ እንዲለካ ሕጉ የሚያዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። በእኛ ዘንድ የተዘጋ ክምር ብዙ ጊዜ የኳስ ሜዳ ወይም የቤት መሥሪያ ቦታ ይሆናል።

በራያ ቆላ ነገሩ ለምን ይብሳል?

«ዝናብ በሚናፈቅበት ሜዳ ላይ ስለ ፍሳሽ ማውራት ምን ይፈይዳል?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቆቦና በዙሪያዋ ባለው ቆላ፣ ዓመቱን በሙሉ ቢሰላ ፀሐይ ልታተን የምትችለው ውኃ ከሰማይ ከሚወርደው እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን ዝናብ በዓመት ሒሳብ አይወርድም። የበልጉ ሲያምርም ሲቀርም ይኖራል፤ የሐምሌና የነሐሴው ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተጠቅልሎ፣ አንዳንዴም በአንድ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ሆኖ ይመጣል። በእነዚያ ቀናት ፀሐይ ከዝናቡ ጋር መወዳደር አትችልም። ዘጠኝ ወር ሙሉ ደርቆ የቆየው ክምር እንደ ስፖንጅ ይጠጣል፤ ከጠገበ በኋላ የሚጨመርለትን ሁሉ ከሥሩ ይለቅቀዋል። ከዚህም ሌላ ከየቤቱ የሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ እርጥብ ነገር ስለሆነ፣ ክምሩ ዝናብ ሳይጠብቅም የራሱን ፈሳሽ ይዞ ይመጣል።

ሌላው ነገር የመሬቱ አቀማመጥ ነው። የቆቦ ሜዳ በምዕራብ በኩል ባለው ደገኛ ተራራና በምሥራቅ በዞብል ተራሮች መካከል የተኛ ሸለቆ ነው። ሆርማትና ጎሊናን የመሳሰሉት ወንዞች በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ከደጋው ጠርገው ያመጡት ደለል ይህን ሸለቆ ሞልቶታል። ደለሉ ታላቅ የውኃ ጎተራ ነው። ክረምት ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ጥቂቱ በላይ ሲያልፍ፣ ጥቂቱ በአሸዋው ውስጥ ሰርጎ ይቀመጣል። የቆቦ ሕዝብ ከቦኖ የሚቀዳው፣ በቆቦ–ጊራና ሸለቆ የልማት ፕሮግራም በተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን የሚያለማው ከዚሁ ጎተራ እየቀዳ ነው። በበጋ ወንዙ ሲነጥፍም አሸዋውን ጭሮ ውኃ የሚያወጣ ሰው የሚቀዳው ከዚሁ ነው።

የጎተራው በር የት እንደሆነ ማወቅ ይገባል። ከምዕራብ ተራሮች ግርጌ ያለው ደለል ጠጠርና አሸዋ ይበዛዋል፤ ወደ ሜዳው መካከል በተሄደ መጠን ደቃቁ አፈርና ሸክላው ያይላል። ውኃ በጠጠርና በአሸዋ ፈጥኖ ይሰርጋል፤ በሸክላ ግን እጅግ ቀስ ብሎ ነው። እንግዲህ ጎተራው የሚሞላው በዚያ ጠጠራማ በር በኩል ነው ማለት ነው፤ መርዝም የሚገባው በዚያው በር ነው። ይሁን እንጂ ለቆሻሻ መጣያ በየትም አገር ሰው ቶሎ የሚመርጠው ምን ዓይነት ቦታ ነው? ለእርሻ የማይሆን ጠጠራማ መሬት፣ ለግንባታ አሸዋና ጠጠር ተወስዶበት የቀረ ጉድጓድ፣ ወይም የደረቀ ወንዝ ዳር። «ለምንም አይረባም» ተብሎ የሚናቀው ይህ መሬት ለውኃ ነገር ከሁሉ የከበረ ነው፤ ቆሻሻ ለመጣልም ከሁሉ የከፋ።

የራያ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ የሚኮራበት ሌላ ጥበብም አለ፤ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ በቦይ ወደ ማሽላ ማሳው ማስገባት። አንድ ጥሩ ጎርፍ በትክክለኛው ሳምንት ከገባ ማሳው ለብዙ ቀናት ይረካል፤ ደለሉም ማዳበሪያ ይሆናል። ጎርፉ በመንገዱ ላይ የቆሻሻ ክምር ካገኘ ግን ያንንም ጠልፈን ወደ ማሳችን አስገባነው ማለት ነው።

አሸዋ ያጣራል፣ እሳት ይገድላል ስለሚባለው

በሕዝባችን ዘንድ ሁለት የታመኑ ነገሮች አሉ፤ አንደኛው አሸዋ ውኃን እንደሚያጣራ፣ ሁለተኛው የፈላ ውኃ ጉዳት እንደሌለው። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። ነገር ግን እስከ የት ድረስ እንደሆነ ካልታወቀ ሰውን ያታልላሉ።

አሸዋ የሚያጣራው በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ነው፤ ድፍርሱን ይይዛል፣ ተሐዋስያንንም በመጠኑ ይቀንሳል። በውኃው ውስጥ የሟሟውን ግን ብዙውን ያሳልፈዋል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን በልጆች ፊት በቀላሉ ልታሳዩት ትችላላችሁ። አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ግርጌውን ቁረጡ፤ አፉ ላይ ጨርቅ አስሩበትና ዘቅዝቃችሁ በታጠበ አሸዋ ሙሉት። በመጀመሪያ ጭቃ የበዛበት ውኃ አፍስሱበት፤ ጠርቶ ሲወርድ ልጆቹ ይደነቃሉ። ከዚያ ጨው የሟሟበትን ንጹሕ ውኃ አፍስሱና ከሥር የወረደውን በጣት ያስቀምሷቸው። ይህን ጊዜ ማብራሪያ ብዙም አያስፈልግም። (ጨው ብቻ ተጠቀሙ፤ ከቆሻሻ የወጣ ፈሳሽ ለትምህርት ብላችሁ እንኳ እንዳትነኩ።)

ማፍላትም እንዲሁ ነው። እሳት ተቅማጥን፣ ታይፎይድን፣ ኮሌራን የሚያመጡትን ተሐዋስያን ይገድላል፤ ክሎሪንም እንዲሁ። ስለዚህ ማፍላትን የሚያስተው ማንም አይኑር። ነገር ግን እርሳስ ሕይወት የለውምና አይሞትም፤ ናይትሬትም አይተንም። ውኃው በእንፋሎት ሲቀንስ እነርሱ በቀረው ውኃ ውስጥ ይጠራቀማሉ። ብዙ በተፈላበት ማንቆርቆሪያ ግርጌ የሚጋገረው ነጭ ነገር በውኃ የሟሟ ማዕድን ከእንፋሎት ጋር እንደማይሄድ ምስክር ነው። የክምር ፍሳሽ የገባበትን ጉድጓድ አፍልተን ልናድነው አንችልም።

ለመሆኑ በጤና ላይ የሚያደርሰው ምንድን ነው? ፈጥኖ የሚታየው የሆድ ሕመም ነው፤ ይህንን ሁላችንም እናውቀዋለንና አንዘገይበትም። ዝግተኛው ጉዳት ግን ሌላ ነው። እርሳስ በልጆች አእምሮ ዕድገት ላይ ይሠራል፤ ልጁ አይታመምም፣ ትኩሳት የለውም፣ ነገር ግን ማስታወሱና መማሩ ይደክማል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ከ0.01 ሚሊግራም በላይ እርሳስ እንዳይኖር ይመክራል፤ ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅም ይናገራል። ካድሚየም ኩላሊትን ይጎዳል፤ የተፈቀደው መጠን 0.003 ሚሊግራም ብቻ ነው። አሞኒያ አየር ባለበት አፈር ውስጥ ሲያልፍ ወደ ናይትሬት ይለወጣል፤ ናይትሬት ከ50 ሚሊግራም ሲያልፍ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ያሰጋል። ደሙ አየር መሸከም ይሳነዋል፤ ከንፈሩና ጥፍሩም ይጠቁራል። ስድስት ወር እስኪሞላው የእናቱን ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ከዚህ ይድናል፤ የሚጎዳው በውኃ የተበጠበጠ ወተት የሚጠጣው ነው። ናይትሬት ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከማዳበሪያም ሊመጣ ስለሚችል፣ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ስለ ተገኘ ብቻ ጥፋቱን ሁሉ በቆሻሻ ክምር ላይ መጫን ተገቢ አይሆንም።

ከአገራችን የተማርነው

በአዲስ አበባ ሕዝቡ ቆሼ ብሎ የሰየመው የረጲ ቆሻሻ መጣያ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲከፈት ከከተማው ዳር ነበር። በአቅራቢያው ይኖሩ የነበሩት በሥጋ ደዌ የታመሙና ለሕክምና ከሩቅ መጥተው በዚያው የቀሩ ወገኖቻችን ነበሩ። ከተማው ሰዎቹንም ቆሻሻውንም ወደ አንድ አቅጣጫ እንደ ገፋ ልብ ይሏል። ለዘመናት ያለ መደብና ያለ ፍሳሽ መሰብሰቢያ ሲከመር ኖረ፤ በዙሪያው በተደረጉ ጥናቶችም ከባድ ብረቶች ተገኝተዋል። ከተማው ሲያድግ ዳር የነበረው መካከል ሆነ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ክምሩ ተንዶ በሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወደቀ፤ ከ110 በላይ ሰዎችም አለቁ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ስለ አደጋው መንሥኤ ብዙ ተብሏል፤ እኛ እዚህ ላይ የምናነሣው አንድ አጠቃላይ እውነት ብቻ ነው። መውጫ ያጣ ፈሳሽ በክምር ውስጥ ሲጠራቀም ክምሩን ያከብደዋል፣ ከውስጥም ያላቅቀዋል። በፊሊፒንስ ፓያታስ በሐምሌ 1992 ዓ.ም. ከ200 በላይ ሰዎች፣ በኡጋንዳ ኪቴዚ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ከ30 በላይ ሰዎች የሞቱት ከከባድ ዝናብ በኋላ በተናደ የቆሻሻ ክምር ነው።

ከቆሼ ይልቅ ለቆቦ የሚቀርበው ግን የሰንዳፋው ታሪክ ይመስለናል። ቆሼን ይተካል የተባለው ዘመናዊ ማጠራቀሚያ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከእርሻ መንደሮች መካከል ነበር የተቀመጠው። ወራት ሳይቆጠሩ ገበሬዎቹ ከሌሎች ቅሬታዎቻቸው ጋር፣ ከማጠራቀሚያው የሚወጣው ፍሳሽ ውኃቸውን እንደ በከለና ከብቶቻቸውን እንደ ጎዳባቸው ገለጹ። በዚያው ዓመት ክረምት ተቃውሟቸው በርትቶ ሥራው ቆመ፤ የአዲስ አበባ ቆሻሻም ወደ ቆሼ ተመለሰ። ሰባት ወር ያህል ቆይቶ ቆሼ ተናደ። ከዚህ የምንረዳው ገንዘብና ዘመናዊ ስም ብቻ ፍሳሽን እንደማያቆሙ ነው። ከብት የሚያጠጣው፣ ውኃ የሚቀዳው ሰው አስቀድሞ ካልተጠየቀ፣ ፍሳሹም በየቀኑ የሚጠብቀው ካላገኘ፣ ዘመናዊ የተባለው ማጠራቀሚያ ተራ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል።

ከከተማ አስተዳደር የሚጠየቀውና ከቤታችን የሚጀመረው

በጎ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ማለት ምን ዓይነት ነው? ከሥሩ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የተጠቀጠቀ ሸክላ፣ በላዩም ጠንካራ ፕላስቲክ ይነጠፋል፤ የሚወርደው ፈሳሽ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይተኛ በቧንቧ ተሰብስቦ ወደ ኩሬ ይወሰዳል፤ ቆሻሻውም በየዕለቱ በአፈር ይሸፈናል። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ለአንዲት የወረዳ ከተማ በአንድ ጊዜ ላይሞላ ይችላል። ነገር ግን ገንዘብ ብዙም የማይጠይቁት ነገሮች ይበልጣሉ። ቦታውን ከጠጠራማው የተራራ ግርጌና ከወንዝ ዳር አርቆ በሸክላማ መሬት ላይ መምረጥ፤ ጉድጓዶች ካሉበት አንጻር የከርሰ ምድር ውኃው ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ማጥናት፤ ጎርፍ ወደ ክምሩ እንዳይገባ ከላይ በኩል ቦይ መቆፈር፤ ክምሩን ሰፊ ከማድረግ ይልቅ አጥብቦ በአፈር መሸፈን። ለዚህ የሚያስፈልገው አካፋና ቁርጥ ሐሳብ ነው። ደግሞም በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖር የማንኛውም ሰው መብት ሆኖ ተደንግጓል፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ደግሞ የማጠራቀሚያው ባለቤት ለሚደርሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ እንደሚሆን አስቀምጦ ነበር። እንግዲህ «የከተማችን ቆሻሻ ወዴት ይሄዳል? ከእርሱ በታች የሚቀዳው ማን ነው?» ብሎ በስብሰባ መጠየቅ ድፍረት ተብሎ ሊቆጠር አይገባም።

በቤታችን በኩል ትልቁ ሥራ እርጥቡን ከደረቁ መለየት ነው። የምግብ ትራፊ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ ገረባ፣ አመድና የማሽላ አገዳ ቁርጥራጭ በጓሮ ጉድጓድ ተነባብሮ፣ አፈር ለብሶ፣ በበጋም ውኃ እየተርከፈከፈበት ሲቆይ ብስባሽ ይሆናል። የሚበሰብሰው ነገር ወደ ክምሩ ካልሄደ ክምሩ አይኮመጥጥም፤ ካልኮመጠጠም ብረቱን እምብዛም አያሟሟም። አንዲት እናት በጓሮዋ የምትሠራው ይህ ሥራ የክምሩን ክፋት ከሥሩ የሚነቅል ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የባትሪ ድንጋይ ግን ወደ ብስባሹም ወደ እሳቱም አይግባ። በቆርቆሮ ወይም በጠርሙስ ለብቻው ተጠራቅሞ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ በየቁምስናው አንድ የጋራ መሰብሰቢያ ማዘጋጀትም የሚከብድ አይደለም። በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ወንድሞችና እኅቶች የፀረ ተባይ ዕቃቸውን ባዶ ሲሆን ሦስት ጊዜ በውኃ አለቅልቀው እጣቢውን በመርጫው ውስጥ ጨምረው እዚያው ማሳ ላይ ይርጩት፤ ዕቃውን ዘይት ወይም ውኃ እንዳይቀዳበት ይብሱት። ጄሪካኑ መልካም ነው ብሎ ለቤት መውሰድ ስንት ቤት አጨልሟል።

በአቅራቢያችሁ ባለ ጉድጓድ ላይ ጥርጣሬ ካደረባችሁ አንዳንድ ምልክት ይረዳችኋል። የክምር ፍሳሽ ከአፈር ውስጥ ብረትን ያሟሟልና ውኃው ሲቀዳ ንጹሕ ሆኖ ካደረ በኋላ ይቀላል፤ ነጭ ልብስንም የዝገት መልክ ያስይዛል። ጣዕሙ ከቀድሞው ይልቅ ጨው ጨው ማለትም ይጀምራል። እነዚህ ምልክቶች ከመሬቱ ተፈጥሮም ሊመጡ ስለሚችሉ ብቻቸውን ፍርድ አይሰጡም። የወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ውኃውን እንዲያስመረምር በጽሑፍ ጠይቁ፤ ማመልከቻውም ናይትሬት፣ አሞኒያ፣ ክሎራይድና የጨው መጠን እንዲለኩ በስም ይጥቀስ፤ «ውኃችን ይመርመር» ብቻ ከተባለ የሚመረመረው ተሐዋስያን ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ናሙናውም ሁለት ጊዜ ቢወሰድ መልካም ነው፤ አንዱ በሰኔ ክረምት ሳይገባ፣ ሁለተኛው በመስከረም ዝናቡ እንዳባራ፤ ከዚያ ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ የጨመረውን ተመልከቱ።